የመሳፍንት ቅናትና የስፖርት አዳራሹ

ጥቅምት ፲፯ ቀን ፪ሺህ ፲ ዓመተ ምሕረት ነበር፤ እኔም በዚያን ጊዜ የስድሳ ሦስት ዓመት ሰው ነበርሁ። ፊደል የለየሁት ጎልምሼ፣ ልጆቼን ለትምህርት ካደረስሁ በኋላ ነውና ብዕሬ አይፈጥንም። ስለዚህ አንባቢዬ በትዕግሥት እንዲከተለኝ እለምናለሁ።

ሥራዬ በደብረ ማርቆስ፣ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ያለውን የስፖርት አዳራሽ በር መጠበቅ ነበር። አዳራሹ ሰፊ ነው፤ ጣራው ቆርቆሮ፣ ወለሉ የተወለወለ እንጨት፣ ግራና ቀኙ ደግሞ ደረጃ በደረጃ የተሠራ መቀመጫ ነው። በወለሉ ላይ በውጭ ጫማ መርገጥ ክልክል ስለሆነ ተማሪውም መምህሩም በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ያወልቃል። ማን ከማን ጋር እንደገባ፣ ማን ማንን እየጠበቀ የጫማውን ማሰሪያ ደጋግሞ እንደሚያስር ሳልፈልግ አያለሁ።

በዚያ ቀን መሳፍንት የሚባል ወጣት የተቃጠለ አምፖል ሊቀይር ረጅም መሰላል ላይ ወጥቶ ነበር። መሳፍንት የአማኑኤል አገር ልጅ ነው፤ በግቢው የኤሌክትሪክ ጥገና ሠራተኛ ሲሆን ከእኔ ቤት ጓሮ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖር ነበር። ከታች የሴቶቹ የመረብ ኳስ ቡድን ይለማመዳል። በድንገት አንድ ኳስ ከመረቡ አልፎ ሄደና መሰላሉን መታው። መሰላሉ ሲወዛወዝ መሳፍንት በሁለት እጁ የጣራውን ብረት አቅፎ ቀረ።

ኳሱን የመታችው ልጅ እጇን አፏ ላይ ጭና ሮጣ መጣች።

«ወንድሜ! ወደቅህ እንዴ?»

«ገና ነኝ» አለ ከላይ ሆኖ። «ሌላ ኳስ ካለሽ ጨርሽኝ።»

«አውቄ አይደለም፤ በማርያም!»

«መማሉን ተይና መሰላሉን ያዥልኝ።»

አምፖሉን ቀይሮ እስኪወርድ ድረስ መሰላሉን ይዛለት ቆመች። ጓደኞቿ ቢጠሯትም አልሄደችም። መሬት በረገጠ ጊዜ ፊት ለፊት ተያዩ፤ እሷ ልትስቅ ፈልጋ ፈራች፣ እሱ ሊቆጣ ፈልጎ ረሳ።

«ሊገድለኝ የነበረውን ሰው ስም ልወቅ» አለ።

«የኔአለም እባላለሁ። የዲማ ልጅ ነኝ።»

«እኔ መሳፍንት። የአማኑኤል ልጅ ነኝ፤ ለጊዜው ግን የመጣሁት ከጣራ ነው።»

ያን ጊዜ ሳቋ ወጣ። እኔም ከበሩ ሆኜ ሰማሁት።

ከዚያ በኋላ መሳፍንት በውድድር ቀን የነጥብ ማሳያ ሰሌዳውን የሚያንቀሳቅስ ሰው ያስፈልጋል ሲባል እጁን አወጣ። ደመወዝ የማይጨመርበት ሥራ ነው። ለምን እንደፈለገው ከእሱ በቀር ሁሉም ያውቅ ነበር። ሰሌዳው በመረቡ ትክክል ባለው ግድግዳ ላይ ስለተሰቀለ፣ ከሥሩ የተቀመጠ ሰው የተጫዋቾቹን ፊት ያለ ከልካይ ያያል።

የዩኒቨርሲቲ ሕይወት ምን እንደሚመስል የማያውቅ ሰው አዳራሹ የኳስ ቤት ብቻ ይመስለዋል። በእኛ ከተማ ግን ክረምቱ ረጅም፣ ብርዱም ጽኑ ነው፤ ስለዚህ ሁሉም ነገር ወደዚያ ጣራ ሥር ይገባል። የፈተና ሰሞን ወለሉ በምንጣፍ ተሸፍኖ ዴስክ ይደረደርበታል። ደም የሚለግሱ ተማሪዎች ተጋድመውበት አይቻለሁ። ዝናብ የመጣ እንደሆነ ደግሞ ማንም ማንን ሳይጠይቅ እየሮጠ ይጠለልበታል። ቆርቆሮው በዝናብ ሲመታ ጩኸቱ ስለሚያይል፣ ሰው ካልተጠጋጋ አይሰማማም። የመሳፍንትና የየኔአለም ፍቅር ያደገው በዚያ ጩኸት ውስጥ ይመስለኛል። በዚያ ዓመት ክረምት፣ እሱ ሽቦውን እየጠቀለለ፣ እሷ የጉልበት መከላከያዋን እየፈታች፣ ከመጨረሻው ደረጃ ላይ ይቀመጡና በየተራ ጆሯቸውን ይሰጣጣሉ። የሚሉትን እኔ አልሰማም። ዝናቡ ሲያባራ ግን ሁለቱም ወደ ጣራው ቀና ብለው ቅር ሲላቸው አየሁ።

ቃል ኪዳን አልተለዋወጡም። ሁለቱም ቃል የተለዋወጡ መስሏቸው ነበር።

በመስከረም ፪ሺህ ፲፩ ለሴቶቹ ቡድን አዲስ ረዳት አሠልጣኝ መጣ። ስሙ ዘመነ ነው። ቁመቱ በበሩ ሲገባ አንገቱን የሚያስደፋው፣ ሳቁ ከእሱ ቀድሞ የሚገባ፣ ለእኔ ለበረኛው እንኳ ጠዋት ጠዋት እጄን በሁለት እጁ ይዞ ሰላምታ የሚሰጥ ልጅ ነበር። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ የመሳፍንት ሸክም በቀለለ።

የኔአለም በቡድኑ ውስጥ ኳስ አመቻች ነበረች፤ ሌሎች እንዲመቱ ኳሱን በጣቶቿ ወደ ላይ የምታነሳው እሷ ናት። ዘመነም የእጇን አንጓ ይዞ ወደ ውስጥ ያዞርና «እንዲህ፤ አሁን ልቀቂው» ይላታል። ነጥብ በተገኘ ቁጥር ሁሉም እጅ ለእጅ ይመታታሉ፤ ዘመነም ከዳር ሆኖ መዳፉን ይዘረጋል፣ እሷም ሮጣ ትመታለች። በዚህ ጊዜ መሳፍንት ከሰሌዳው ሥር ፊቱ ይጠቁራል። አንድ ቀን ነጥቡን መቀየር ረስቶ አፍጥጦ ቀረና መቀመጫው ሁሉ ጮኸ።

«ሰሌዳ! ኧረ ሰሌዳ! አንቀላፋህ እንዴ?»

«ተዉት፤ ሰሌዳው ፍቅር ይዞታል!» አለች ሃኒ የምትባለው የየኔአለም የቡድን ጓደኛ። አዳራሹ ሳቀ። መሳፍንት ግን አልሳቀም።

ያን ዕለት ጨዋታው ካለቀ በኋላ መሳፍንትና የኔአለም በሩ አጠገብ ቆመው ተነጋገሩ። እኔ ራቅ ለማለት ብነሣ «ይቀመጡ፣ አያ ፈንታ፤ ሚስጥር የለንም» አለችኝ።

«ዛሬም እጅሽን ያዘ» አለ መሳፍንት።

«ማን?»

«ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ።»

«የኳስ አነሣሥ ነው የሚያሳየኝ።»

«በአፉ ቢነግርሽ አይገባሽም?»

«አንተ ሽቦ የምታያይዘው በአፍህ ነው?»

እሷም ጫማዋን አሠረች። ቀና ስትል ድምፅዋ ለስልሶ ነበር።

«መሳፍንት፣ ምን እንድልህ ነው የምትፈልገው?»

«ምንም።»

«ውሸትህን ነው።»

«ምንም አልፈልግም አልሁ!»

ያች «ምንም» ብዙ ጎዳቻቸው። መሳፍንት የሚፈልገውን ያውቅ ነበር፤ ነገር ግን ቅናቱን ለእሷ መንገር ውርደት መሰለው። ለእኔ ግን ማታ ማታ አጥር ተደግፎ ይነግረኝ ነበር። «አያ ፈንታ፣ ሲስቅ ትስቃለች» ይለኛል። «እኔም ስስቅ ትስቃለች፤ ግን የእሱ ይረዝማል።» ምን ልመልስለት? ሳቅ አልለካሁም።

በሌላ ቀን ደግሞ ዘመነ ልምምዱን አስረዝሞ ሲያቆያቸው የአዳራሹ መብራት ድንገት ጠፋ። ልጃገረዶቹ «መብራት ሄደ!» እያሉ ጫማቸውን በዳበሳ ፈለጉ። ውጭ ግን የመንገዱ መብራት ቦግ ብሎ ይታያል። የኔአለም ከበሩ ላይ ቆማ የመንገዱን መብራት አየች፤ ከዚያ የማብሪያውን ሳጥን፣ ከዚያ ከሳጥኑ አጠገብ አንገቱን ደፍቶ የቆመውን መሳፍንትን አየች። አንድም ቃል ሳትናገረው ወጣች። ከዚያ ወዲያ ለብዙ ቀን አልተነጋገሩም።

በኅዳር መጨረሻ ያለ ወቅቱ ደመና አንዣበበ። የየኔአለም አባት መሪጌታ ወልደ ሰንበት በዲማ ቅኔ ያስተምራሉ፤ ከዚያ በሚተርፋቸው ጊዜም እርሻቸውን ያርሳሉ። በዚያ ዓመት ልጃቸው እግሩ ተሰብሮ ስለተኛ ጤፋቸው ሳይታጨድ ቆመ። ዝናቡ ቢወርድበት የሚጠፋው የዓመት ቀለባቸው ነው። ስለዚህ «ልጄ፣ ትምህርትሽን ለጥቂት ጊዜ ትተሽ ድረሽልኝ» ብለው ላኩባት። የዩኒቨርሲቲዎቹ ውድድር ደግሞ በታኅሣሥ በእኛው አዳራሽ ሊደረግ ተወስኗል።

ዘመነ ይህን ሲሰማ የሴቶቹንም የወንዶቹንም ቡድን ሰብስቦ «እኛ ሄደን እንጨድላቸውና ልጅቷን ይዘን እንመለስ» አለ። ቅዳሜ በማለዳ አንድ አይሱዙ ሞልተው በብቸና በኩል ወደ ዲማ ወረዱ። መሳፍንት አልተነገረውም። የኔአለም ልትነግረው ይገባ ነበር ይሆናል፤ ግን ኩርፊያ ላይ ነበሩ። እሱም በዚያ ቀን አዳራሹን ለፈተና ሲያዘጋጅ፣ በየዴስኩ ረድፍ ላይ መብራት ሲሰቅል ዋለ።

ሰኞ ሃኒ መዳፏ በማጭድ ቆሳስሎ መጣች። ለመሳፍንት እያሳየች፣ ክፉ ሳታስብ፣ እየሳቀች ነገረችው።

«ዘመነን ባየኸው! እኛ ወገባችንን ይዘን ስናቃስት እሱ ከአገሬው ጋር እየፎከረ ያጭዳል። መሪጌታ ማታ ላይ ራሱን ይዘው ‹ዘርህ ይባረክ› ብለው መረቁት። ሴቶቹማ ‹የማን ልጅ ነው? ለየኔአለም ነው የመጣው?› ሲሉ ነበር!»

በከተማ ለተወለደ ሰው ይህ ጨዋታ ነው። መሳፍንት ግን የገበሬ ልጅ ነው። ያላገባ ጎልማሳ ሳይጠራ ወደ ሴት ልጅ አባት ማሳ ወርዶ፣ ከፊት ከፊት አጭዶ፣ በአባቷ እጅ ተመርቆ ሲመለስ አገሬው ምን እንደሚል ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል። ፊቱ አመድ መሰለ። የያዘውን መፍቻ አስቀምጦ ቀጥ ብሎ ወደ እኔ መጣ።

«አያ ፈንታ፣ ይነሡልኝ።»

«ወዴት?»

«ሽማግሌ ይሁኑኝ። ከአማኑኤል አጎቴ ተስፋዓለም ይመጣል። ዲማ ውረዱልኝ። ያ ሰው ሳይቀድመኝ።»

«ልጅቷን አነጋገርሃት?»

«ጊዜ የለም።»

«መሳፍንት፣ ይህ ነገር…»

«ጤፉን አጭዷል እኮ፣ አያ ፈንታ!» አለ፤ ዓይኑም እንባ አቀረረ። እኔም የሰው ልጅ እንባ ሲያቀርር ማስተዋል ይሳነኛልና እሺ አልሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከመሪጌታ ደጅ ደረስን። ነዶው በአውድማው ዳር ተከምሯል። መሪጌታ አጭር፣ ጺማቸው የነጣ፣ ንግግራቸው የተለካ ሰው ናቸው። «ግቡ፣ ተቀመጡ» ቢሉን፣ እንደ ወጉ «ቃላችንን ሳንናገር አንቀመጥም» ብለን ቆምን። አቶ ተስፋዓለም ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ልጃችንን ልጅ አድርገው ልጅዎን እንዲሰጡን መጥተናል ሲሉ ተናገሩ።

የመሪጌታ ፊት ፈካ።

«ያ ረጅሙ ነው?»

እርስ በርሳችን ተያየን።

«ጤፌን ያጨደው? እሱማ ወገቡ የማይታጠፍ መስሎኝ ነበር፤ ጉድ አደረገኝ እኮ!»

አቶ ተስፋዓለም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «መሪጌታ፣ የእኛ ልጅ ሌላ ነው። የመብራት ሠራተኛ ነው።»

«የመብራት? ከማጭዱ ላይ ነበር?»

«አልነበረም።»

«ታዲያ ልጄን የት አያት?»

«በአዳራሹ» አልሁ እኔ።

«ይህ አዳራሽ የምትሉት ምንድን ነው? ልጄም ስትደውል አዳራሽ፤ አጫጆቹም አዳራሽ፤ እናንተም አዳራሽ!»

እኔም የማውቀውን ያህል አስረዳሁ። ዝናብ ሲመጣ የሚጠለሉበት፣ ፈተና ሲደርስ የሚፈተኑበት፣ ሲመረቁ የሚመረቁበት፣ በተረፈው ቀን ሁሉ ከየአገሩ የመጣ ልጅ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ጫማውን አውልቆ አብሮ የሚጫወትበት ቤት ነው አልሁ። መሪጌታ ጥቂት አሰቡ።

«ጫማ ያስወልቃል?»

«አዎን፣ ያስወልቃል።»

«መልካም» አሉ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጂቱ ታውቃለች?» ሲሉ ጠየቁን።

አቶ ተስፋዓለም ወደ እኔ፣ እኔም ወደ ነዶው ክምር ዞርን።

«ሽበት የያዛችሁ ሰዎች! ሳትጠይቋት ነው የመጣችሁት?» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲህ ቀጠሮ እሰጣችኋለሁ። እነዚያ ልጆች በእኔ ላይ ወንፈል አላቸው፤ የሥራ ብድራቸውን መመለስ አለብኝ። በምን ልክፈላችሁ ብላቸው ‹በውድድራችን ቀን መጥተው ተቀምጠው ያጨብጭቡልን› አሉኝ። ጎረቤቶቼን ይዤ እመጣለሁ። በዚያ ቀን እዚያው ልጄን እጠይቃታለሁ። እሷ ያለችው ይሆናል።»

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ማርቆስ ገባ። በማግስቱ የኔአለም ጫማዋን ሳታወልቅ በሩን አልፋ ወለሉን ረግጣ ገባች፤ ላስቆማት አልደፈርሁም። መሳፍንት ከሰሌዳው ሥር ተቀምጦ ነበር።

«ለእኔ አንዲት ቃል ሳትነግረኝ ለአባቴ ሽማግሌ ላክህ?»

«ዘመነ ሊቀድመኝ ነበር።»

«እኔ የታክሲ ወንበር ነኝ የምቀደም?»

«ጤፍ አጭዶ…»

«ሃኒም አጭዳለች! እሷስ ልታገባኝ ነው?»

«የኔአለም፣ አትቀልጂብኝ።»

«አልቀለድሁም። ዓመት ሙሉ እዚህ ደረጃ ላይ ጎንህ ተቀመጥሁ። ዓመት ሙሉ ‹አሁን ይናገራል› ስል ጠበቅሁ። አንተ ግን ስትቀና መብራት ታጠፋለህ፤ ስትፈራ ሽማግሌ ትልካለህ። ለእኔ መቼ ነው የምትናገረው?»

መሳፍንት ከመቀመጫው ተነሣ። እሷም «በቀጠሮው ቀን እመልሳለሁ። ‹አይሆንም› ካልሁ ግን ለምን ብለህ እንዳትጠይቀኝ» ብላ ሄደች። በተወለወለው ወለል ላይ የጫማዋ ጭቃ ቀረ። መሳፍንት በገዛ እጁ አበሰው።

እኔም ነገሩ ከብዶኝ ዘመነን ለብቻው አገኘሁትና «ልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ፤ በዚህች ልጅ ላይ ሐሳብ አለህ?» አልሁት።

ሳቀ፤ እንደ ልማዱ። ከዚያ ሳቁን አቆመ።

«ሽማግሌ አልላክሁም፣ አያ ፈንታ። አልልክም ግን አላልሁም። እሷ ‹አይሆንም› ካለችው፣ እኔ ራሷን እጠይቃታለሁ።»

መሳፍንት በከንቱ አልቀናም ነበር። ይህን አወቅሁና እንቅልፍ ነሣኝ፤ ለመሳፍንት ግን አልነገርሁትም።

የውድድሩ ፍጻሜ ቀን አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። መሪጌታ ወልደ ሰንበት ጋቢ የለበሱ፣ ዱላ የያዙ የዲማ ገበሬዎችን አስከትለው መጡ። ወደ መቀመጫው የሚሄድ ሰው ጫማ ማውለቅ አይገደድም፤ እኔ ይህን ከመናገሬ በፊት ግን መሪጌታና ሰዎቻቸው ሁሉ ጫማቸውን አውልቀው ነበር። በሩ አጠገብ እንደዚያ ያለ የበረባሶ ክምር ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አላየሁም። ከአንድ ረድፍ ተደርድረው ተቀመጡና፣ ኳሱ ወደየት እንደሚሄድ ሳያውቁ፣ የእኛ ልጆች ሲጮኹ እየጮኹ ወንፈላቸውን ይከፍሉ ጀመር። አቶ ተስፋዓለምም ከመሪጌታ ጎን ተቀመጡ።

ጨዋታው ረዘመ። ሁለት ዙር እኛ፣ ሁለት ዙር እንግዶቹ አሸነፉና አምስተኛው ዙር ሲጀመር በከፍታው ላይ ባሉት መስኮቶች የሚገባው ብርሃን እየደከመ ሄደ። የኔአለም ላቧ በፊቷ እየወረደ ኳስ ታነሣለች። ዘመነ ከዳር ሆኖ በስሟ ይጠራታል፤ ነጥብ በተገኘ ቁጥር መዳፉን ይዘረጋል፤ እሷም ትመታለች። መሳፍንት ሁሉንም ያያል። መንጋጋው ሲንቀሳቀስ ከበሩ ሆኜ ይታየኛል። ሆኖም አንድም ነጥብ አላለፈውም።

ሁለቱ ቡድኖች እኩል ሆነው ሳለ መብራት ጠፋ።

ጨለማው ጥቅጥቅ ያለ ነበር። ልጆች ጮኹ፤ ከላይ ያለው ሰው መውረድ ጀመረና ደረጃው ተንጓጓ። በዚያ መካከል የየኔአለም ድምፅ ተሰማ።

«መሳፍንት! አንተ ነህ?»

ጥያቄው ስለምን እንደሆነ የምናውቅ ጥቂቶች ነን። መሳፍንትም ከሰሌዳው ሥር ጮኾ መለሰ።

«እኔ አይደለሁም! ከተማው በሙሉ ጠፍቷል!»

እኔም በሩን ገፋ አድርጌ አየሁ፤ እውነቱን ነው፣ መንገዱም ጨለማ ነበር። ጄኔሬተሩ በራሱ መነሣት ሲገባው አልተነሣም። አዳራሹ ውስጥ እሱን የሚያስነሣ ከመሳፍንት በቀር ሌላ ሰው የለም፤ ጄኔሬተሩ ደግሞ ከአዳራሹ ጀርባ፣ ከግንቡ ማዶ ነው። ስለዚህ የኔአለምን ከዘመነ ጋር በጨለማ ትቶ መሄድ ነበረበት።

የእጅ ባትሪው በራ። ብርሃኑ ወለሉን አቋርጦ ወደ ተጫዋቾቹ ሄደና ከዘመነ ፊት ቆመ። መሳፍንት ባትሪውን ለዘመነ ሰጠው። ከዚያም አዳራሹ ሁሉ እየሰማ፣ አባቷም እየሰሙ እንዲህ አለ፦

«ዘመነ! ሰው እንዳይረጋገጥ በሩ ላይ አብራ። የኔአለምን አደራ።»

ዘመነ «አደራህን ተቀብያለሁ» አለ። መሳፍንትም ለራሱ ብርሃን ሳያስቀር፣ ግድግዳ እየዳበሰ በአጠገቤ ወጣ።

ዘመነ ብርሃኑን ከደረጃው እግር ላይ አድርጎ «ተቀመጡ፣ ማንም አይውረድ!» እያለ ሕዝቡን አረጋጋ። ለየኔአለም አንድም ቃል አልተናገራትም። እሷም መረቡን በአንድ እጇ ይዛ፣ ፊቷን መሳፍንት ወደወጣበት በር አድርጋ ቆማ ነበር።

ጄኔሬተሩ አጓርቶ መብራቱ ሲመለስ ሕዝቡ እልል አለ። መሳፍንት እስከ ክርኑ በዘይት ጠቁሮ ተመለሰና ከሰሌዳው ሥር ተቀመጠ። የእኛ ልጆች ግን ተሸነፉ። የመጨረሻዋን ነጥብ ለእንግዶቹ ቡድን የጻፈው መሳፍንት ነው።

ሕዝቡ ሲበተን መሪጌታ በሩ ላይ ቆመው ልጃቸውን ጠሩ።

«ልጄ፣ ቀጠሮው ዛሬ ነው። ሽማግሌዎቹም እዚህ ናቸው። ምን ብዬ ልመልስ?»

«እርስዎ ምንም አይመልሱ፣ አባባ። እሱ ራሱ ይጠይቀኝ።»

መሳፍንት መጣ። ከእሷ ፊት ሲቆም የጠቆረ እጁን የሚያኖርበት አጣ። ዘመነም ኳሶቹን በመረብ ቦርሳ ጨምሮ በትከሻው አንጠልጥሎ ከኋላ ደረሰ፤ መንገዱ እነሱ ላይ ስለሆነ ቆመ።

«የኔአለም፣ ታገቢኛለሽ?» አለ መሳፍንት።

«መጀመሪያ አንተ መልስልኝ። ነገም ዘመነ ያሠለጥነኛል። እጄን ይይዛል።»

«አውቃለሁ።»

«ትቀናለህ?»

መሳፍንት ዘመነን አየ፤ አባቷን አየ፤ እኔን አየ። የሚሸሸግበት አልነበረም።

«እቀናለሁ» አለ። «ቅድም በጨለማው ባትሪውን ስሰጠው መልሼ ልነጥቀው ቃጥቶኝ ነበር። ጄኔሬተሩን ሳስነሣም ያየሁት አንቺን እንጂ ሞተሩን አልነበረም። እቀናለሁ፤ ግን ዝም እላለሁ።»

«ዝም አትበል!» አለች፤ እንባዋም መጣ። «ዝም ያልህ ጊዜ ነው የምትገድለኝ። ስትቀና ለእኔ ንገረኝ። ለአያ ፈንታ አይደለም፤ ለአጎትህም አይደለም፤ ለመብራቱም አይደለም። ለእኔ።»

«እነግርሻለሁ።»

«እንግዲያው አገባሃለሁ።»

በሩ አጠገብ ጫማቸውን ይፈልጉ የነበሩት የዲማ ሰዎች ጨዋታው አሁን ገና የገባቸው ይመስል ሁሉም አጨበጨቡ። ዘመነ የኳሱን ቦርሳ መሬት አስቀምጦ የመሳፍንትን የዘይት እጅ ጨበጠ። «ባትሪህ እኔ ዘንድ ነው» አለው፤ መለሰለትም፤ ከዚያም ቦርሳውን አንሥቶ ቶሎ ቶሎ እየተራመደ ወጣ። ከመሳፍንት ይልቅ ያዘንሁት ለእሱ ነበር።

ጥር ፪ሺህ ፲፪ ላይ ተጋቡ። ዘመነ ወደ ሌላ ከተማ ተቀይሮ ስለነበር ለሠርጉ አልመጣም። የኔአለም አሁን በግብርና ቢሮ ተቀጥራ ትሠራለች፤ ከሥራ በኋላ በዚያው አዳራሽ ታዳጊ ልጃገረዶችን ታሠለጥናለች። መሳፍንት ሊወስዳት ሲመጣ አንዳንድ ቀን የተማሪ አባት ወይም የእንግዳ ቡድን አሠልጣኝ ሲያነጋግራት ይደርሳል። ያን ጊዜ ጫማውን ያወልቅና ወለሉን አቋርጦ ሄዶ በጆሮዋ አንድ ነገር ይላታል። እሷ ትስቅና ክንዱን ይዛ እንግዳውን ታስተዋውቀዋለች። እኔም ሥራ ከተውሁ ወዲህ አልፎ አልፎ ወደ አዳራሹ ጎራ እላለሁ፤ የተካኝ በረኛ ወንበር ይሰጠኛል፤ ይህንን አያለሁ።

ከጻፍሁት ውስጥ ቀኑን ወይም የማንን ንግግር አዛብቼ እንደሆነ አላውቅም። በተለይ በአምስተኛው ዙር መብራት በጠፋበት ጊዜ እኩል ነበርን ወይስ በአንድ ነጥብ እንመራ ነበር፣ እርግጠኛ አይደለሁም። በዚያ ቀን ከደረጃው ላይ ተቀምጣችሁ ያያችሁ፣ ከዲማም ለማጨብጨብ የመጣችሁ ሁሉ፣ የሳትሁትን ብታርሙኝ ሽማግሌ ነኝና አላፍርም፤ አመሰግናችኋለሁ።